ውሃው እስኪጠራ የታጠበ ጉበት

«አንቺ የአይጥ ሞግዚት ነሽ። ሳይንቲስት ነሽ ያለሽ ማነው?»

ዶክተር ሳምሶን ይህን ያለኝ አጠገቤ ቆሞ፣ አንድ እጁን መዝገቡ ላይ አሳርፎ ነው። ሰው እየሰማ። እውነቱን ልናገርና ስድብ አልመሰለኝም። ሞግዚት ነበርኩ። ጥፋቴም የመጣው ከዚያው ከሞግዚትነቴ ነው።

አሁን ባምቢስ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ፊት ምን ነበር ሥራሽ?» ስትለኝ «ጉበት አጥብ ነበር» አልኳት። ሉካንዳ ቤት መሰላት፤ አላረምኳትም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ምናምን የሚባል ዕድሜ ላይ አይደለሁም። ግን ከዚያ ሙያ ወጥቻለሁ፣ አልመለስበትም፤ ስለዚህ የጡረተኛ ያህል ማውራት እችላለሁ።

የገባሁት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ አልመጣ ሲለኝ ነው። ካሳንቺስ፣ አሁን መንገዱ ሰፍቶ ሣር የተተከለበት ቦታ፣ ያኔ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። እዚያ ውስጥ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ጠርሙስ አጣቢ ይፈልጋል ተባለና ሄድኩ። ደመወዙ ከታክሲና ከምሳ አያልፍም፤ ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃል። ስድስት ወር ጠርሙስ አጠብኩ። ከዚያ የአይጥ ቤቱ ሠራተኛ ድንገት ጥሎ ሲሄድ ቦታውን የሚፈልግ ጠፋ።

«አይጥ ትፈሪያለሽ?» አሉኝ ጋሽ ነስሩ።

«የምንኖረው የቀበሌ ቤት ነው። እነሱ ናቸው የሚፈሩኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው የመጀመሪያ ቀን ነው። ብዙም አይስቁም ነበር።

ጋሽ ነስሩ የቤተ ሙከራው ዋና ቴክኒሻን ነበሩ፤ ዶክተሮቹ ሲፈራረቁ እሳቸው ብቻ የቀሩ ሰው። ቀጭን፣ ጋውናቸው እስከ አንገት የተቆለፈ፣ ጠዋት ከሁሉ በፊት ገብተው መስኮቱን የሚከፍቱ። አዲስ መዝገብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ቁጭ ብሎ ገጽ መቁጠር ነው። በራሳቸው እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከአንድ እስከ መጨረሻው ቁጥር ይሰጡታል። «ለምንድነው?» ስላቸው «ገጽ እግር የለውም፣ ግን ይጠፋል» አሉኝ። በእርሳስ አያስጽፉም። ሌላው ሕጋቸው ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ ማለቴ፣ አለመመለስ።

«ትናንት የረሳሽውን ዛሬ ካስታወስሽ፣ ዛሬ ገጽ ላይ ‹ትናንት ረስቼ› ብለሽ ጻፊ። የትናንቱን ገጽ እንዳትነኪ። ያላየሽውን እንዳትጽፊ፣ ያየሽውን እንዳታስቀሪ። ብትወድቂ ወደቅሁ ብለሽ ጻፊ።»

አንድ ጊዜ እውነትም የጨው ውሃ ተሸክሜ ደረጃው ላይ ወደቅሁና «ፍሬ ወደቀች፣ ሁለት ሊትር ፈሰሰ» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡትና ፈረሙበት። ሳቅ የለም፣ ምን የለም።

ጥናቱ የዶክተር ሳምሶን ነበር። የካንሰር ታማሚዎች ጨረር ሲወስዱ ጉበታቸው ምን ይሆናል የሚል። ዶክተሩ ለእኔ አላስረዳኝም፤ ለእኔ ያለኝ «ሰኞ ሠላሳ አይጥ ዝግጁ ይሁን» ነው። ያስረዱኝ ጋሽ ነስሩ ናቸው። አንድ ቀን ከጤነኛ አይጥ የወጣ ጉበት፣ ጥፍር የምታህል ቁራጭ፣ ሳህን ላይ አስቀመጡና ቁስል የሚታጠብበትን፣ ነጭ ውሃ የሚመስለውን ፈሳሽ ጠብ አደረጉበት። አረፋው ተነስቶ ሳህኑን ሞላ።

«አየሽ? ይህ ጠብ ያደረግሁት መርዝ ነው። ሰውነት ውስጥም አለ። ጨረር ሲያርፍብን የሰውነታችን ውሃ ይሰባበርና ይኸው መርዝ ይበዛል። አረፋ ያደረገው ጉበቱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ነው፤ ካታሌዝ ይባላል። መርዙን ይዞ ውሃና አየር አድርጎ ይለቀዋል። ዘበኛ በይው። ሌሎችም ዘበኞች አሉ።»

«ጨረሩስ ዘበኞቹን ምን ያደርጋቸዋል?»

«እሱን ነው የምንለካው።»

ቀጥለው ጨረር ካገኘው አይጥ ላይ ያን የምታህል ቁራጭ አመጡና ጠብ አደረጉ። አረፋው ተነሳ፣ ግን ዝግ አለ፤ የሰለቸው ሰው ይመስል። ያን ቀን ነው ሥራውን የወደድኩት። ትምህርት ቤት አንድ ሰው እንዲህ ቢያሳየኝ ኖሮ ነጥቤ ይመጣ ነበር ብዬ ተናደድኩ።

ከዚያ ጉበት ማጠብ አስተማሩኝ። ዶሮ እየገነጠልኩ ያደግሁ ሴት ስለሆንኩ መጀመሪያ የፈለግሁት ሐሞቱን ነው፤ እንዳይፈስ። ብፈልግ ብፈልግ የለም። ጋሽ ነስሩ አዩኝና «አይጥ የሐሞት ከረጢት አልተሰጠውም። አትድከሚ» አሉኝ። የጨው ውሃው እንደ በረዶ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሞቅ ካለ ኢንዛይሙ ይሞታል። የበረዶ ማሽናችን ከተበላሸ ስለቆየ ከታች ካለው ጁስ ቤት በረዶ እየለመንኩ በባልዲ እወጣለሁ። የጁስ ቤቱ ልጅ «ዛሬስ ማንን ልታቀዘቅዢ ነው?» ይለኛል፣ በረዶውን ግን ይሰጠኛል።

ጉበቱን በሥሩ በኩል ቀጭን መርፌ አስገብተሽ ቀዝቃዛውን የጨው ውሃ ቀስ ብለሽ ትለቂበታለሽ። ቀዩ ጉበት መጀመሪያ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ከዚያ ሻይ በወተት ይመስላል። ከዚያ አውጥተሽ፣ በመቀስ ከትፈሽ፣ እንደገና ታጥቢዋለሽ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ጋሽ ነስሩ የእጣቢውን ውሃ በብርጭቆ ይዘው ወደ መስኮቱ ያነሱታል፤ ከብርጭቆው ጀርባ የራሳቸውን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻሉ «ገና ነው» ይላሉ። ምክንያቱም ደም ራሱ ውስጥ ካታሌዝ ሞልቷል። ደም ከቀረበት የጉበቱን ሳይሆን የደሙን ነው የምትለኪው፤ ቁጥሩ በውሸት ይወጣል። ሰውየው በዚህ ነገር ነበር የሚታወቁት። ሌላ ቤተ ሙከራ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ «እንደ ነስሩ ታጥቧል?» ይላሉ።

ጨረሩን የምናስወስደው በአንድ ሆስፒታል ማሽን ነው፤ ሌላ ቀን ሰው ስለሚታከምበት እሁድ ብቻ። አይጦቹን ቀዳዳ ባለው ካርቶን አድርጌ በኮንትራት ታክሲ ይዤ እሄዳለሁ። ስታዲየም ጋ ጨዋታ ኖሮ መንገዱ ተዘግቶ ቆመን ሳለ ሾፌሩ ካርቶኑ ሲንኮሻኮሽ ሰማ።

«እህቴ፣ ምንድነው የያዝሽው?»

«ጫጩት።»

«ጫጩት እንዲህ ዝም ይላል?»

«የጨዋ ልጆች ናቸው» አልኩት።

ያን እሁድ ይዣቸው የሄድኩት የመጨረሻዎቹን ነበር። አይጦቹ በሦስት የተከፈሉ ናቸው፤ ጨረር ያልነካቸው፣ ቀላል ጨረር የወሰዱ፣ ከባድ ጨረር የወሰዱ። ከጨረሩ በኋላ አሥር ቀን ቆይተው ጉበታቸው ይወጣል። በሦስተኛው ቀን የጋሽ ነስሩ ወንድም አገር ቤት ሞቱ ተባለና ለሐዘን ሄዱ። አይጥ ቤቱና መዝገቡ በእኔ እጅ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ከባድ ጨረር የወሰዱት መብላት አቆሙ። ፀጉራቸው ቆመ፣ ጀርባቸው ጎበጠ፣ ከሥራቸው፣ በሽቦ ኬጁ ወለል ላይ ያለው የእንጨት ፍቅፋቂ ረጠበ። አንዱን ስይዘው እንደ ባዶ ጓንት ነበር የቀለለኝ። ዶክተሩ ጋ ደወልኩ።

«ዶክተር፣ የከባዱ ቡድን አይበሉም። ሊሞቱ ነው።»

«ስብሰባ ላይ ነኝ ፍሬ። ብቻ እንዳይሞቱብኝ። በቃ።»

በቃ። ይኸው ነው ያለኝ። ሦስት እንኳ ቢሞቱ ቡድኑ ይበላሻል፤ ይህን አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ታይፎይድ ይዞኝ ሁሉ ነገር ሲያስመልሰኝ እናቴ ምን እንዳበላችኝ አውቃለሁ። አብሽ። ማታ ዘፍዝፋ፣ መራራውን ውሃ ሦስት ጊዜ ደፍታ፣ ፈጭታ፣ አረፋ እስኪያወጣ የምትመታው አብሽ። በማግስቱ ከቤት በጠርሙስ ይዤ መጣሁ። ምግባቸውን አድቅቄ በእሱ ለወስኩት። አንዱ ቀረበ፣ አሸተተ፣ ላሰ። ከዚያ ሁሉም። ስድስት ቀን ሙሉ ለከባዱ ቡድን ብቻ፤ ሌሎቹ ደህና ይበሉ ስለነበር ምን ያደርግላቸዋል ብዬ። አንድም አልሞተም። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ራሴን ጀግና አድርጌው ነበር።

መዝገቡ ላይ በየቀኑ ክብደት ጻፍኩ፣ የበሉትን ጻፍኩ፣ የጠጡትን ጻፍኩ። የአስተያየት መስመሩ ላይ «ደህና ናቸው» አልኩ። አብሹን አልጻፍኩም። ልደብቅ አስቤ አይደለም። አብሽ መድኃኒት ነው ብሎ ማን ያስባል? ለታመመ የሚሰጥ የቤት ነገር ነው። «አይዞህ» ብዬ ያልኩትን እንደማልጽፈው፣ እሱንም አልጻፍኩትም።

ጋሽ ነስሩ ሲመለሱ ሁሉም በሕይወት አሉ። «ጎበዝ» አሉኝ። እሳቸው አጠቡ፣ እኔ በረዶ አቀረብኩ፣ ፈጨን፣ በማሽን አሽከረከርን። መለኪያው ላይ እሳቸው ቁጥር ያነባሉ እኔ እጽፋለሁ። ከባዱ ቡድን ጋ ስንደርስ ሦስተኛው ናሙና ላይ ቆሙ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ያው ነው። ከባድ ጨረር የወሰዱት ዘበኞቻቸው ቀላል ከወሰዱት ይልቅ በርትተው ቁጭ ብለዋል፤ ምንም ያልነካቸውን ሊያህሉ ምንም አልቀራቸውም። የተገለበጠ ነገር። ጋሽ ነስሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አደረጉ። «ያየሽውን ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ።

ዶክተር ሳምሶን ወረቀቱን አይቶ ሁላችንንም ሰበሰበ። ለልምምድ የመጡ ተማሪዎችም ነበሩ።

«ደም ነው» አለ። «ጉበቱ አልታጠበም። ጋሽ ነስሩ፣ ዓይንዎ ደክሟል።»

«ውሃው እስኪጠራ ነው ያጠብኩት።»

«ለእርስዎ ዓይን ነዋ የጠራው! አለዚያማ አንድ ሰው ከባዱን ቡድን በድብቅ ጮማ ሲያበላልን ሰንብቷል ማለት ነው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ አፌ ላይ እያለ ነው አብሹ ትዝ ያለኝ።

እዚያው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለምን? ዶክተሩ በዚያው ወር በማታ ኮሌጅ የላብራቶሪ ቴክኒሻን እንድማር ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር፤ ደብዳቤው አልተፈረመም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ነገ እናገራለሁ አልኩ፣ ነገም ነገ አልኩ። ጋሽ ነስሩ የተረፈውን የቀዘቀዘ ናሙና አውጥተው ሁለቴ ደገሙት። አንድ ቀን ብቻቸውን መስኮቱ ጋ ቆመው የእጣቢ ብርጭቆ ሲያነሱ፣ ሲያወርዱ፣ አንዱን ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሲያዩ አየኋቸው። ከዚያ ሌላውን ዓይን ሸፈኑ። እኔ በሩ ላይ ባልዲ ይዤ ነበር። ባልዲውን አስቀምጬ ተመለስኩ።

ለጡረታ ሁለት ወር ሲቀራቸው ወደ ዕቃ ቤት ተዛወሩ። ብርጭቆ ይቆጥራሉ። ደብዳቤዬ ተፈረመ። እሳቸው የሚቆሙበት ቦታ እኔ ቆምኩ።

የሽኝታቸው ዕለት ኬክ ተቆረጠ፣ ብርድ ልብስ ተሰጠ፣ ዶክተሩ ንግግር አደረገ። ኬኩን አልነኩትም። ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጥተው በፋሻ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ አደረጉ። መቀሳቸው ነው፤ ራሳቸው የሚስሉት፣ ሌላ ሰው እንዲነካው የማይፈቅዱት።

«አንቺ ዓይንሽ ገና ነው» አሉኝ። «እስኪጠራ እጠቢ።»

ያን መቀስ ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። አንድ ቀን እንኳ አልቆረጥኩበትም። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቂርቆስ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሻይ አቀረቡልኝ፣ «ስላንቺ ሁልጊዜ ነው የሚያወሩት» አሉኝ። ብርጭቆውን ሳልነካ ተናገርኩ። ሁሉንም። አንድ ትንፋሽ ላይ።

ጋሽ ነስሩ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ቀን?»

«ስድስት።»

«የትኞቹ ኬጆች?»

«ከባዱ ቡድን ብቻ። ሁሉም።»

«መዝገቡ ላይ ጻፍሽው?»

«አልጻፍኩም።»

እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩት።

«ታጥቦ ነበር ማለት ነው» አሉ። ለእኔ አይደለም፤ ለሚስታቸውም አይደለም። «ንጹሕ ነበር።»

«ጋሽ ነስሩ፣ ይቅርታ…»

«ሐኪም ቤት ሄጃለሁ እኮ። ዓይንህ ደህና ነው ሲሉኝ አላመንኳቸውም። ሌላ ጋ ሄድኩ። እጄን ሳየው ነው የከረምኩት።» እጃቸውን ዘረጉ። «መቀሱን።»

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፋሻውን ፈተው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው አዩና መልሰው ጠቀለሉት። እትዬ ዘይነባ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያሉ።

«ጠጪ እንጂ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ» አሉኝ እትዬ ዘይነባ።

«ትሂድ» አሉ ጋሽ ነስሩ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ሳምሶን ቢሮ ገባሁ። ሌሎች ተመራማሪዎችና አንድ ሁለት ተማሪ አጠገቡ ነበሩ፤ ይውጡልኝ አላልኩም። ነገርኩት። ይቆጣል፣ ደብዳቤዬን ይቀዳድዳል፣ ያባርረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ በራ።

«አብሽ? ስንት ግራም?»

«በማንኪያ ነው የሰጠሁት።»

«በግራም እናደርገዋለን። ስንት ቀን? የትኞቹ ኬጆች?»

ጋሽ ነስሩ የጠየቁኝን ነው የጠየቀኝ። መልሱም ያው ነበር። ግን ቅዳሜ ስመልስ አንገቴን ደፍቼ ነው፤ አሁን ቀና ብዬ እያየሁት ነበር።

መዝገቡን ራሱ አመጣው። ገለጠና የአስተያየት መስመሩን አሳየኝ፤ «ደህና ናቸው» ከሚለው አጠገብ ባዶ ቦታ ነበር።

«ይኸው፣ እዚህ ጋ ጨምሪ። ‹በዕቅዱ መሠረት አብሽ ተሰጠ።› በየቀኑ። በዚያው ሰማያዊ እስክሪብቶ።»

«ዕቅድ አልነበረም እኮ ዶክተር።»

«አሁን አለ። ፍሬ፣ ገብቶሻል? አብሽ ጉበቱን ከጨረር ሲጠብቅ በቁጥር ይዘናል። ይህን እንደ ስህተት ከጻፍሽው ቆሻሻ ነው፤ እንደ ዕቅድ ከጻፍሽው ትልቅ ሥራ ነው። አንቺንም ቴክኒሻን አድርጌ አስመድብሻለሁ፤ ኮሌጁን ሳትጨርሺ።»

«ጋሽ ነስሩስ?»

«ምን ሆኑ?»

«አላጠቡም ብለዋቸዋል። ሰው ፊት።»

«ጡረታ ወጥተዋል እኮ! ምን ይጎዳቸዋል?»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ቁጭ ብዬ መዝገቡን ወደ ፊት ገለጥኩ፤ አልፌ፣ አልፌ፣ ባዶው ገጽ ጋ ደረስኩ። ከላይ ጥጉ ላይ በጋሽ ነስሩ እጅ ቁጥሩ አለ። የዚያን ዕለት ቀን ጻፍኩና ከሥሩ እንዲህ አልኩ፦

«ከዚህ በፊት ሳልጽፍ ቀርቼ። ከባድ ጨረር ለወሰዱት አይጦች በሙሉ ስድስት ቀን አብሽ አበላሁ። ማንም አላዘዘኝም። መጠኑን አልለካሁም። ጉበቱን ያጠቡት አቶ ነስሩ ናቸው፤ ውሃው እስኪጠራ ታጥቧል፤ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ፍሬ።»

ፈረምኩበት።

ዶክተሩ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አነበበ። እጁ መጥቶ የገጹን ጫፍ ያዘ፤ ሊገነጥለው እንደሆነ አወቅሁ። ከዚያ የጋሽ ነስሩን ቁጥር አየ። የሚቀጥለውን ገጽ ገለጠና የእሱንም ቁጥር አየ። ወደ ኋላ ገለጠ። ጣቶቹ ላላ አሉ። ተማሪዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። «አንቺ የአይጥ ሞግዚት ነሽ» ያለኝ ያኔ ነው።

እስክሪብቶውን ክዳኑን ዘግቼ መዝገቡ ላይ አስቀመጥኩ። ጋውኔን አውልቄ አጠፍኩና ወንበሩ ላይ ተውኩት። ወደ አይጥ ቤት ወርጄ የሁሉንም ውሃ ቀየርኩ። በሩ ላይ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠሁት።

«ዛሬ በጊዜ ነው ፍሬ?»

«ማታ ምግብ ይጨመርላቸው በልልኝ» አልኩትና ወደ ባምቢስ በኩል ወረድኩ።